በሰከንድ 100 ጊዜ

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይጀምረኛል። መጀመሪያ ከቀኝ ዓይኔ በላይ ይከብደኛል። ከዚያ መውጋት ይመጣል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የሂሳብ ሠንጠረዡ ረድፎች ቦታቸውን የሚለቁ ይመስለኛል። ከቢሮ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ጭሱ አለ፣ ጥሩምባው አለ፣ የረዳቶቹ ጩኸት አለ። ያ ሁሉ እያለ ጭንቅላቴን ቀለል ይለዋል። ሲከነክነኝ የኖረው ይኼ ነው። ሰው እንዴት ታክሲ ሰልፍ ላይ ይሻለዋል?

የምሠራው መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ሰፊው አዳራሽ በጂፕሰም ሲከፋፈል የውስጠኛው ለሂሳብ ክፍል ደረሰ። ጣሪያው ላይ የነበሩት አሮጌ ፍሎረሰንቶች አንድ ሰሞን ወርደው በኤልኢዲ ተተኩ። ክፍሉ ቦግ አለ። ሁላችንም ወደድነው። ራስ ምታቴ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያልተመከርኩት ምክር የለም። ቡና ቀንሺ። ውሃ ጠጪ። ማታ ስልክሽን አርቂ። እናቴ ጠበል አስመጣችልኝ። ዓይኔን ተመረመርኩ። ሐኪሙ በትዕግሥት ፊደሎቹን ሁሉ አስነብቦኝ «ዓይንሽ ደህና ነው፣ መነጽርም አያስፈልግሽም» አለኝ። ደስ አለኝ። በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሕመሙ በሰዓቱ ደረሰ።

ጠቅላላ አገልግሎትም ሄድኩ። «መብራቱ ከተቀየረ ወዲህ ያመኛል» አልኩ። ኃላፊው ደግ ሰው ነው። አብሮኝ መጥቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየው። «እህቴ፣ ይኼው ቦግ ብሎ በርቷል እኮ። ምኑን ላሠራው?» አለኝ። እኔም ቀና ብዬ ስመለከት የማየው የበራ መብራት ብቻ ነው።

ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ጠጋ ብላ «እኔንም እኮ ያመኛል» አለችኝ። ሻርፗን ግንባሯ ድረስ ስባ የምትሠራው ለዚህ ነበር። «ታዲያ ለምን አትናገሪም?» ስላት፣ «ምን ብዬ?» አለች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ለመናገር ግን መያዣ ያስፈልጋል። የሚያሳየው ነገር ሳይኖረው «መብራቱ ያመኛል» የሚል ሰው ሰበብ ፈላጊ ይመስላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ቶሎ «ጭንቀት ነው» ትባላለች።

ፊቴ ላይ የሚያልፈው መስመር

ሐምሌ ነበር። የበጀት ዓመት መዝጊያ ስለሆነ እናመሻለን። አንድ ምሽት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ ታላቅ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሷ ዘንድ እኩለ ቀን ነበር። ያነሳሁት ለገና ስትመጣ ባመጣችልኝ ላፕቶፕ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ላይ የሚያልፈው ምንድነው?»

«የቱ እትዬ?»

«ጥቁር ነገር። ሰፋ ያለ መስመር ነው። ይንሸራተታል። ይኼው ግንባርሽ ላይ ነው። አሁን ደግሞ አገጭሽ ጋ ወረደ። ኔትወርኩ ይሆን?»

ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን የራሴን ትንሽ ምስል አየሁ። እዚያም አለ። ይኼ ምስል በቀጥታ ከራሴ ካሜራ የሚመጣ እንጂ አሜሪካ ደርሶ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ኔትወርክ አይደለም። ቀና ብዬ ክፍሉን አየሁ። ግድግዳው ነጭ ነው። ፋይሎቹ ባሉበት ናቸው። የሚንሸራተት ጥላ የለም። እንደገና ስክሪኑን አየሁ። ጥቁሮቹ መስመሮች በግድግዳው ላይ፣ በፋይሎቹ ላይ፣ በፊቴ ላይ ይሄዳሉ።

ተነሥቼ የጣሪያውን መብራት አጠፋሁት። ፊቴ በስክሪኑ ብርሃን ብቻ ቀረ። መስመሮቹ ጠፉ። አበራሁት፤ መጡ። ላፕቶፑን ተሸክሜ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። እዚያ ያለው መብራት ሌላ ዓይነት ነው። ምስሉ ጥርት አለ። ተመልሼ ስገባ መስመሮቹም ተመለሱ። ወጣሁ፣ ገባሁ። እህቴ «ምን ሆነሽ ነው የምትንከራተቺው?» ትላለች። ልቤ በኃይል ይመታ ነበር። ስንት ወር ስፈልገው የከረምኩት መያዣ እጄ ላይ ነበር።

ኮሌጅ የገባው ልጇ ከኋላዋ ብቅ አለ። «አክስቴ፣ ካሜራሽ 60 ላይ ነው ያለው። ኢትዮጵያ ስንት ነው?» አለኝ። 50 አልኩት። ይኼን የማውቀው ከቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ጎኑ ላይ «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» ይላል። የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ እየመራ አስገባኝ። «አንቲ ፍሊከር»፣ ፀረ መርገብገብ እንደማለት፣ የሚል ምርጫ አለ። 60 ይል የነበረውን 50 አደረግኩት።

መስመሮቹ ወዲያው ጠፉ።

«ተመስገን! አሁን ፊትሽ ታየኝ» አለች እህቴ፤ ወሬዋን ቀጠለች። እኔ ግን ልሰማት አልቻልኩም። ክፍሉ ውስጥ ምንም አልተቀየረም። መብራቱ ያው ነው። ጣሪያው ያው ነው። የተቀየረው ካሜራው ነው። ከደቂቃ በፊት «እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አለ» ይል የነበረው ምስክር እንዳያይ ተደርጎ ተስተካከለ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ከተሰነባበትን በኋላ ሥራው ላይ መመለስ አቃተኝ። ቁጥሩን ወደ 60 መለስኩት፤ መስመሮቹ መጡ። ወደ 50 ሳደርገው ጠፉ። ለካሜራ ይኼ ማስተካከያ ተሠርቶለታል። ለኔ ጭንቅላት አልተሠራለትም። ዓይኔ «ምንም የለም» ይለኛል። ከዓይኔ በላይ ያለው ቦታ ደግሞ በየቀኑ በሰዓቱ ሌላ ነገር ይለኛል። ማስታገሻው፣ ሻርፑ፣ «ዓይንሽ ደህና ነው» የሚለው ውጤት፣ ሁሉም ምስሉን ነው የሚያጠሩት። መብራቱን የነካው የለም።

100 ከየት መጣ?

ቤታችን የሚገባው ኮረንቲ በአንድ አቅጣጫ አይፈስም። በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ነው የምንለው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ዜሮን ያልፋል፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ሲመለስ። ስለዚህ መብራት የሚያገኘው ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል፣ 100 ጊዜ ይወርዳል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ 120 ጊዜ ነው።

ካሜራዬ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል። አሜሪካ ውስጥ 120 ለ30 ሲካፈል ልክ 4 ይመጣል። እያንዳንዱ ምስል አራት ሙሉ ትርታ ያገኛል፤ ስለዚህ ይረጋል። እኛ ጋ 100 ለ30 ሲካፈል 3 ከሲሶ ነው። ጉዱን ያወጣችው ያቺ ሲሶ ናት። ካሜራው ምስሉን ከላይ ወደ ታች፣ ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነበው። አንዱን ረድፍ መብራቱ ሲደምቅ ያገኘዋል፣ ሌላውን ሲደበዝዝ። በሚቀጥለው ምስል የጨለመው ቦታ ይቀየራል። መስመሩ የሚንሸራተት የሚመስለው ለዚህ ነው። 50 ሲመረጥለት ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ወደ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ያመጣዋል። ያኔ ለሁሉም ረድፍ ሙሉ ትርታ ስለሚደርሰው ምስሉ እኩል ይደምቃል።

ያደግንበት ቢጫ አምፖልም ኃይል የሚያገኘው ከዚሁ ኮረንቲ ነበር። እሱ ግን የሚያበራው በሚግል ሽቦ ነው። ምጣድ ሶኬቱ ቢነቀልም ቶሎ እንደማይቀዘቅዘው፣ ያም ሽቦ ኃይሉ ዜሮ በሚሆንባት ቅጽበት ሳይበርድ ቀጣዩ ይደርስለታል። ብርሃኑ ትንሽ ብቻ ይዋዥቃል። በአሮጌው ባላስት፣ ኮረንቲውን በሚቆጣጠረው ጥቅልል፣ የሚሠራው ፍሎረሰንትም 100 ጊዜ ይዋዥቃል፤ ውስጡ የተቀባው ዱቄት ብርሃኑን ትንሽ ስለሚያቆየው ግን ጨርሶ አይጠፋም። ኤልኢዲ ኃይል ሲያገኝ ወዲያው ይበራል፣ ሲያጣ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚወሰነው አምፖሉ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ጥሩ ከሆነች ክፍተቱን ትሞላዋለች። ካልሆነች መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ እስከ መጥፋት ይደርሳል፣ እኛም ከሥሩ ቁጭ ብለን እንሠራለን።

ነገሩን ሳነብ ያስገረመኝ አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጀርመን ውስጥ ከላውፈን ወደ ፍራንክፈርት በረጅም መስመር ኃይል ሲላክ 40 ኸርዝ ነበር። በዚያ ፍሪኩዌንሲ መብራት ሲርገበገብ ስለታየ ኤኢጂ የተባለው ኩባንያ ወደ 50 ከፍ አደረገው። አውሮፓ 50ን ያዘ፤ እኛም ዘንድ የደረሰው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ 60ን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1895 ሥራ የጀመረው የናያጋራ ፏፏቴ ጣቢያ ግን 25 ኸርዝ ነበር። ለትልልቅ ሞተሮች ተስማማ፤ አምፖል ላይ ግን መርገብገቡ በዓይን ይታይ ነበር። ምጣዳችን ጎን ላይ የተጻፈችው 50 ውስጥ የሰው ዓይን ድርሻ አለበት ማለት ነው። ይኼን ሳውቅ ብቸኝነቴ ቀነሰ። የዓይን ቅሬታ ከ130 ዓመት በፊት የትልልቅ ማሽኖችን ፍጥነት ወስኗል።

የሚታየውና የማይታየው

መብራት ይርገበገባል ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ሌላውን ነው። ግቢያችን ውስጥ መብራቱ ድንገት ዝቅ ሲል «እማማ እንጀራ ጀመሩ» እንላለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ብዙ ቤት በአንድ ቀጭን መስመር ሲጠቀም ቮልቱ ይወርዳል። ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ ሥራ ሲጀምር ደግሞ መብራቱ ይንቀጠቀጣል። ኤሌክትሮዱን ሲያነሳ ያርፋል፣ ሲያስጠጋ እንደገና ይንቀጠቀጣል። መሐንዲሶች ይኼን ለክተውታል። የአምፖል ብርሃን በሰከንድ 9 ጊዜ ገደማ ሲዋዥቅ ነው ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያውከው። ይኼ ዓይነቱ ስለሚታይ ማንም አይከራከርበትም። ጎረቤት ተሰብስቦ ያመለክታል። መስመር ይቀየርለታል።

ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ዓይን ማየቱን ይተዋል። እንደ ሰዉና እንደ ብርሃኑ ድምቀት ይለያያል እንጂ፣ ከ60 እስከ 90 ኸርዝ አካባቢ ብልጭታዎቹ ተዋህደው አንድ የረጋ ብርሃን ይሆናሉ። 100 ከዚያ በላይ ነው። ሬቲና፣ ከዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ግን በዚያ አያቆምም። ከ100 ኸርዝ በላይ ለሆነ ብልጭታም ምላሽ እንደሚሰጥ በመሣሪያ ተለክቶ ታይቷል። ባለቤቱ «የረጋ ነው» እያለ ዓይኑ እየቆጠረ ነው።

ሌላም አለ። ዓይናችን ሲያነብ በረድፉ ላይ አይንሸራተትም፤ ይዘላል። ያርፋል፣ ይዘላል። በዝላዩ ቅጽበት መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ያየው ነገር ተቆራርጦ ይበተናል። ማታ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ዓይናችሁን ድንገት ስታዞሩ የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት ነጠብጣብ ሆኖ የታያችሁ ጊዜ ካለ፣ እሱ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ ከደረሰኝ ወደ ስክሪን ስዘል ነው የምውለው። ቁጥሮቹ ቦታቸውን የሚለቁ የመሰለኝ ያለ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 አርኖልድ ዊልኪንስ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ነው። እውነተኛ ቢሮ ውስጥ ሠራተኞቹ የተወሰነ ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ በሚዋዥቀው በተለመደው ፍሎረሰንት ሥር ሠሩ። የተወሰነ ጊዜ ደግሞ በሰከንድ 32,000 ጊዜ ገደማ በሚሠራው ሥር። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። በፈጣኑ መብራት ሥር ራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ በአማካይ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከፍ ባለ ፎቅ የሚሠሩት፣ የቀን ብርሃን በብዛት የሚያገኙት፣ ቀድሞውንም ሕመማቸው ያነሰ ነበር።

ይኼን ሳነብ የኛን መስኮት አልባ ክፍል አሰብኩ። የባልደረባዬን ሻርፕም። እነዚያ የእንግሊዝ ሠራተኞች መብራቱ ሲቀየር አላዩም። የተሰማቸውን ብቻ ጻፉ። አንድ ሰው ደግሞ የጻፉትን አምኖ ቆጠረው። ሕመም ላይ እምነት ማለት ለኔ ይኼ ነው። «ይገባኛል» ከማለት ይልቅ መቁጠር።

አጎቴ ሲሠራበት የነበረው ቶርኖ ቤትም ትዝ አለኝ። ጣሪያው በሙሉ ፍሎረሰንት ነው። እሱ ግን ከማሽኑ አናት ላይ አንዲት ቢጫ አምፖል ሁልጊዜ ያበራል። ልጅ ሆኜ «ይኼ ሁሉ መብራት እያለ ለምን?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ልጄ፣ በዚያኛው ብቻ ቆሞ ይመስልሻል። እጅሽን ስትሰጪው ይወስደዋል» ነበር ያለኝ። አሁን ሒሳቡ ገብቶኛል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ነገር በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። መብራቱ 100 ጊዜ ብልጭ ሲል በእያንዳንዱ ብልጭታ መሐል የሚዞረው ሩብ ዙር ብቻ ነው። አራት ጎን ያለው መያዣ ከሆነ በየብልጭታው ያው ቦታ ላይ ይገኛል። ፍጥነቱ ትንሽ ካነሰ ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚዞር ይመስላል። አጎቴ ስለ ኸርዝ የነገረው ሰው አልነበረም። ማን እጁን እንዳጣ ግን ያውቃል። ጣቱ የጎደለ ሰው ባየሁ ቁጥር የዚያ ክፍል ጣሪያ ይመጣብኛል።

ዝግ ያለው ብልጭታ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ፖኪሞን የተባለው የልጆች ካርቱን ሲተላለፍ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ተፈራረቀ። ከ600 በላይ ልጆች ሐኪም ቤት ተወሰዱ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በብልጭታ የሚነሣባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ጥቂት ቢሆኑም አሉ። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ያ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ሲለቀቅ፣ ተነሥቶ የሚወጣ ወጣት ካያችሁ «ምን ሆነ?» ብላችሁ አትዩት።

እስክሪብቶና ስልክ

መሞከሪያው ቀላል ነው። እስክሪብቶ ይዛችሁ መብራቱ ሥር ፈጠን አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አወዛውዙት። መብራቱ የረጋ ከሆነ እስክሪብቶው እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ሆኖ ይታያል። የሚርገበገብ ከሆነ የተነጣጠሉ ብዙ እስክሪብቶዎች ይታያሉ። ቀን በመስኮት ብርሃን ሞክራችሁ ማታ ብትደግሙት ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስልካችሁ በዝግታ የሚያሳይ ቪዲዮ የሚቀርጽ ከሆነ፣ በሰከንድ 240 ምስል በሚለው መብራቱን ቅረጹት። የከፋ አምፖል ሲበራና ሲጠፋ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ማታ ብርሃኑ ዝቅ የተደረገ የስልክ ስክሪንም በሌላ ስልክ ቢቀረጽ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ብርሃኑን የሚቀንሰው ቶሎ ቶሎ እያጠፋና እያበራ ነውና።

ሰፈራችን ያለው ኤሌክትሪሻን ጋ ሁለት የተቃጠሉ አምፖሎች ይዤ ሄድኩ። አንዱ ከቢሮ ነው፣ ሌላው ከቤት። «ጋሼ፣ ውስጣቸውን ማየት ፈልጌ ነው» አልኩት። ሁለቱንም ፈልቅቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። የቤቱ አምፖል ውስጥ ጥቅልል ሽቦ አለ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ካፓሲተርም አለች። የቢሮው ውስጥ ሁለቱም የሉም። ከመብራቶቹ ጋር አንድ ሳህን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቺፕ ብቻ ናት ያለችው። «ክፍተቱን የምትሞላው ይቺ ናት» አለኝ ካፓሲተሯን እያሳየኝ። «ሙቀት ያደርቃታል። ስትገዢው ደህና የነበረ አምፖል ሲያረጅ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል።» ስታቢላይዘር ብገዛስ ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስታቢላይዘር የቮልት መውጣትና መውረድን ያስተካክላል። ይኼኛው መርገብገብ ግን ከመስመሩ መዋዠቅ የመጣ አይደለም፤ አምፖሉ ውስጥ ነው ያለው። ሱቅ ውስጥ የሁለቱ ዋጋ ብዙ አልተራራቀብኝም። ካርቶናቸው ላይ ግን ይኼን የሚለይ አንድም ቃል አልነበረም። ዋት አለ። የዕድሜ ሰዓት አለ። ስለ መርገብገብ ምንም የለም።

ይኼ ያናድደኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለሚሸጡ የኤልኢዲ መብራቶች የመርገብገብ ገደብ አስቀምጧል። ከገደቡ በላይ የሚርገበገብ አምፖል እዚያ ገበያ መግባት የለበትም። ታዲያ እኛ ገበያ የሚገባው የቱ ነው? ገዢ ሱቅ ቆሞ እስክሪብቶ እያወዛወዘ መምረጥ የለበትም። ወደ አገር ሲገባ መለካት፣ ካርቶኑ ላይም መጻፍ አለበት። ዋት እየተጻፈ ይኼ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ቪዲዮውን ይዤ እንደገና ጠቅላላ አገልግሎት ሄድኩ። በዝግታ የተቀረጸውን የክፍላችንን ጣሪያ አሳየሁት። ኃላፊው ስልኬን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። ከዚያ አብሮኝ መጣ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ራሱ አወዛወዘው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና እስክሪብቶውን። «ይኼ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?» አለኝ። ባልደረባዬ ከወንበሯ ሳትነሣ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች።

መጀመሪያ ከሁለታችን ጠረጴዛ በላይ ያሉት ተቀየሩ። ትንሽ ቆይቶ የቀሩትም። ባልደረባዬ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ነው አሁን የምታደርገው። የኔ ራስ ምታት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በጀት መዝጊያ ሲሆን፣ እንቅልፍ ሲጎድለኝ፣ ይመጣል። ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቆ በየቀኑ የሚመጣው ግን ቀርቷል። ስንቱ ከመብራቱ እንደነበረ፣ ስንቱ ተሰምቼ በመገላገሌ እንደቀለለኝ ለይቼ መናገር አልችልም። እንዲለይ ካስፈለገ እንደ እንግሊዞቹ ሳይነገረን ተቀይሮ መቆጠር ነበረበት።

አሁን የገባሁበት ቤት ሁሉ እስክሪብቶ ማውጣት ለምዶብኛል። ባንክ ወረፋ ላይ ሞክሬያለሁ። ቤተ ዘመድ ጋ ቡና ስንጠጣ ሞክሬያለሁ። የወንድሜ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓይኗን ታሻለች። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ «ይጨፍራል» ትላለች። መነጽር ታዘዘላት፤ አደረገችው፤ ጽሑፉ ግን አሁንም ይጨፍራል። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ስለነበር ከወንድሜ ጋር ሄድኩ። መምህርቷን አስፈቅጄ መጋረጃውን ዘጋሁና መብራቱን አበራሁት። እስክሪብቶውን ለልጅቷ ሰጠኋት። «ስንት ይታይሻል?» አልኳት። «ብዙ» አለች። መምህርቷ ተቀብላ ሞከረችው። የመጋረጃውን ነገር ነገረችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ስለሚያንጸባርቅ ይዘጉታል፤ ልጆቹ የሚማሩት በዚያ መብራት ብቻ ነው። ለጊዜው በመስኮቱ በኩል ያለው መጋረጃ በከፊል እንዲከፈትና ሰሌዳው ወደ ጎን እንዲዞር ተነጋገርን። ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርበውን ማመልከቻ ወንድሜ እየጻፈው ነው። ቪዲዮውንም አያይዘናል።